ወንዝ ሚዛን ላይ አይወጣም፦ ደለልን በብርሃን የሚለካ ሴንሰር እንዴት ካሊብሬት ይደረጋል?

የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። ደለሉስ? 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ሐይቅ በስንት ዓመት በአፈር ይሞላል? መልስ የሚሰጡ ሰዎች ቁጥር ይጠራሉ። ዓባይ ከግድቡ በፊት በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈር ይዞ ድንበር ይሻገር እንደነበር ጥናቶች ይገምታሉ።

ጥሩ። ግን ማን መዘነው? ወንዝ ሚዛን ላይ አይወጣም።

ድሮ ሥራው በሙሉ የጠርሙስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም እንደ ማይባር፣ አንዲት ጥድና አንጀኒ ባሉ ቦታዎች ትንንሽ ጣቢያዎች ነበሩት። ዝናብ ሲጥል የመስክ ሠራተኞች ወንዝ ዳር ይቆማሉ። ውሃው ሲደፈርስ በየ10 ደቂቃው በጠርሙስ ይቀዳሉ፤ ሲጠራ ያቆማሉ። ስለ አገራችን አፈር መታጠብ ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር የመጣው ከእነዚያ ጠርሙሶች ነው።

አሁን ደግሞ የብርሃን ሴንሰር መጥቷል። የእጅ ባትሪ የሚያህል መሣሪያ ነው። ወንዙ ውስጥ ይተከላል፣ ብርሃን ይለቃል፣ በየ15 ደቂቃው ቁጥር ይመዘግባል። አይደክመውም። ችግሩ ያለው ቁጥሩን በምናነብበት መንገድ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሴንሰሩ የጻፈውን ቁጥር የአፈር ክብደት አድርጎ ይወስደዋል። አይደለም። ሴንሰሩ አፈር መዝኖ አያውቅም። የሚለካው ብርሃን ነው። ብርሃኑን ወደ ክብደት የሚቀይረው ሥራ ካሊብሬሽን ይባላል፤ እሱ ከተበላሸ ከኋላው የሚመጣው ሒሳብ ሁሉ ይበላሻል።

ካሊብሬሽን ማለት ምን ማለት ነው?

ሥጋ ቤት ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ማወቅ ብትፈልጉ ምን ታደርጋላችሁ? ክብደቱ 1 ኪሎ መሆኑ የታወቀ ብረት ታስቀምጡበታላችሁ። ሚዛኑ 1 ኪሎ ካለ ደግ። 900 ግራም ካለ ስህተቱን አወቃችሁ። ካሊብሬሽን ይኸው ነው። መጠኑን የምታውቁትን ነገር ለመሣሪያው ታሳዩታላችሁ፣ ምን እንዳለ ትጽፋላችሁ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና ታገኛላችሁ።

ለሚዛን ይህ ቀላል ነው። 1 ኪሎ ጤፍም 1 ኪሎ ብረትም ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ለብርሃን ሴንሰር ግን 1 ግራም ሸክላ አፈርና 1 ግራም አሸዋ በፍጹም እኩል አይደሉም። ጣጣው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሴንሰሩ የሚያየው ምንድን ነው?

ቆርቆሮው የተበሳ ቤት ውስጥ ጠዋት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በቀዳዳው የገባው የፀሐይ ጨረር እንደ ዘንግ ተዘርግቶ ይታያል፤ ውስጡ አቧራ ይደንሳል። የምታዩት ጨረሩን ራሱን አይደለም። እያንዳንዱ የአቧራ ቅንጣት ብርሃኑን ወደ ጎን በትኖ ወደ ዓይናችሁ ስለላከው ነው። አቧራ ባይኖር ጨረሩ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር።

ሴንሰሩ ያንን ቤት አሳንሶ የያዘ ዕቃ ነው። አንድ ትንሽ መብራት አለው። ከመብራቱ ጎን በ90 ዲግሪ ብርሃን የሚቀበል ዓይን አለው። ውሃው የጠራ ከሆነ ወደ ዓይኑ የሚደርስ ብርሃን ከሞላ ጎደል የለም። ከደፈረሰ ብዙ ይደርሳል። ሌላም ዓይነት አለ፤ እሱ የሚያየው ወደ ኋላ የተመለሰውን ብርሃን ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ያበራ ሾፌር ይህን ያውቀዋል፤ ብርሃኑ መንገዱን ትቶ ተመልሶ ፊቱ ላይ ይመጣል። ይህኛው በጣም ለደፈረሱ ወንዞች ይመረጣል።

እዚህ ላይ ቀለምና ድፍርስነት መለየት አለባቸው። ሻይ ቀለም አለው፤ ግን ከብርጭቆው ጀርባ ያለውን ሰው ያሳያችኋል። ወተት ጠብ ብታደርጉበት ወዲያው ይጋርዳል። ሻዩ ቀለም ብቻ ነው፤ ወተቱ ብርሃን የሚበትኑ ቅንጣቶች አሉት። ሴንሰሩ በሻዩ ዓይነት ቀለም እንዳይታለል አይኤስኦ 7027 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ 860 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን፣ በዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ያዛል። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ዘዴ ደግሞ ነጭ ብርሃን ይጠቀማል። አንድ ውሃ በሁለቱ ሲለካ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ ነው የመለኪያ ስማቸው እንኳ የሚለየው፤ የነጭ ብርሃኑ ኤንቲዩ፣ የኢንፍራሬዱ ኤፍኤንዩ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የተለመደውን ኤንቲዩ እጠቀማለሁ።

ኤንቲዩ ራሱ ከየት መጣ?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራው በሻማ ነበር። ሻማ ይበራል፤ ከላዩ ረጅም የብርጭቆ ቱቦ ይቆማል። የነበልባሉ ቅርጽ እስኪጠፋ ድረስ ውሃው ይፈሳል። ቶሎ ከጠፋ ውሃው ድፍርስ ነው። ጃክሰን በሚባል ሰው ስም የሚጠራ ዘዴ ነው። ትንሽ ብቻ ለደፈረሰ ውሃ ግን አይሆንም ነበር።

ዛሬ ማመሳከሪያው ፎርማዚን የሚባል ነጭ ፈሳሽ ነው። ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ሁለት ኬሚካሎች ተቀላቅለው 24 ሰዓት ሲቀመጡ ይፈጠራል፤ የመጀመሪያው ውህድ 4,000 ኤንቲዩ ተብሎ ይወሰዳል። ከእሱ 25 ሚሊሊትር ወስዳችሁ ንጹህ ውሃ ጨምራችሁ 1 ሊትር ብታደርሱት 100 ኤንቲዩ ይሆናል። አንዱ ኬሚካል ሃይድራዚን ሰልፌት መርዛማ ስለሆነ ጓንት ያስፈልጋል፤ ይህን ቀላል አድርጎ የሚያይ ላቦራቶሪ ያሳስበኛል።

ልብ በሉ። ፎርማዚን አፈር አይደለም። ስለዚህ ኤንቲዩ ውስጥ ክብደት የሚባል ነገር የለም። “ይህ ውሃ 100 ኤንቲዩ ነው” ስንል “100 ኤንቲዩ የሆነ ፎርማዚን የሚበትነውን ያህል ብርሃን ይበትናል” ማለታችን ብቻ ነው።

ለመጠጥ ውሃ ይህ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ውሃው ከ1 ኤንቲዩ በታች ቢሆን ይመክራል፤ ጀርሞች ቅንጣቶች ጀርባ ተደብቀው ከክሎሪኑ ያመልጣሉና። ወደ 4 ኤንቲዩ ሲደርስ ድፍርስነቱ በዓይን ይታያል። ግድብ የሚሞላው ግን በአፈር ነው፤ ስለዚህ እዚያ ኪሎ ያስፈልገናል።

ታዲያ 100 ኤንቲዩ ስንት ሚሊግራም ነው?

መልስ የለውም። “የየትኛው ወንዝ? በየትኛው ወር?” ተብሎ ካልተጠየቀ በቀር።

አንድ ጣሳ ባቄላ ቤት ውስጥ ወደ ላይ ብትበትኑ ባቄላው መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ አየሩ አይለወጥም። ያንኑ ባቄላ አስፈጭታችሁ ዱቄቱን ብትበትኑት ቤቱ ይነጣል፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው አይታይም። ክብደቱ ያው ነው። የተለየው ብርሃን የሚያገኘው ገጽ ነው።

አፈርም እንደዚያው። ቅንጣቱ 10 እጥፍ ሲያንስ ያው ክብደት ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይበትናል። ደቃቅ አሸዋ 200 ማይክሮሜትር፣ ሸክላ ደግሞ 2 ማይክሮሜትር ቢሆን ልዩነቱ በሒሳብ 100 እጥፍ ይደርሳል። በተግባር ሸክላ እርስ በርሱ እየተያያዘ ስለሚጓጉል ያን ያህል አይሰፋም። ቢሆንም ሴንሰሩ ሸክላ ሲያይ ይጮኻል፤ አሸዋ ሲያልፍ ከሞላ ጎደል ዝም ይላል።

ሁለተኛው የአፈሩ ቀለም ነው። የተሟሟ ቀለም ኢንፍራሬድን አያታልለውም ብያለሁ፤ የቅንጣቱ የራሱ ጥቁረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥቁር ቅንጣት ብርሃኑን ይውጠዋል፣ ፈዛዛው ይመልሰዋል። አሁን አንድ ወንዝ አስቡ። አንዱ ገባር ከጥቁር ዋልካ መሬት፣ ሌላው ከቀይ አፈር ይመጣል። ዛሬ ዝናቡ ዋልካው ላይ፣ ነገ ቀዩ ላይ ይጥላል። ወንዙ የተሸከመው አፈር በክብደት እኩል ሆኖ ሴንሰሩ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሊጽፍ ይችላል።

ለዚህ ነው ከፋብሪካ “ካሊብሬት ተደርጎ መጥቷል” የሚለው ወረቀት ብቻውን የማይበቃው። ፋብሪካው የሚያውቀው ፎርማዚንን ነው። የጉማራን ወይም የርብን ወንዝ አፈር አያውቅም።

ሥራው በተግባር እንዴት ይካሄዳል?

ሁለት የተለያዩ ካሊብሬሽኖች አሉ፤ ሰው የሚምታታበትም ይህ ነው። የመጀመሪያው የመሣሪያው ነው። ሴንሰሩ ይጸዳል። በተጣራ ንጹህ ውሃ ውስጥ ገብቶ ዜሮ ማለቱ ይታያል። ከዚያ በ100 እና በ1,000 ኤንቲዩ ፎርማዚን ይፈተናል። እዚህ ላይ ብዙ ቀን የሚያስፈጅ አንድ ቀላል ስህተት አለ፤ ዕቃው ነው። ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ብርሃኑን ከግድግዳው እየመለሰ ንጹህ ውሃን ድፍርስ ያስመስለዋል። ሰፊና ጥቁር ዕቃ ይሻላል። ሴንሰሩ ላይ የተለጠፈ የአየር አረፋም እንደ ቅንጣት ይቆጠራል፤ ነቅነቅ አድርጎ ማራገፍ ነው።

ሁለተኛው የወንዙ ካሊብሬሽን ነው። ጠርሙሱ የሚመለሰው እዚህ ነው። ሴንሰሩ ቁጥር በሚጽፍበት በዚያው ደቂቃ ከወንዙ ናሙና ይቀዳል። የት እንደሚቀዳ ግን ወሳኝ ነው። ቡና ስንቀዳ ጀበናው እስኪሰክን የምንጠብቀው አተላው ወደ ታች እንዲወርድ አይደል? ወንዝ ውስጥም ሸካራው አሸዋ ወደ ታች ያደላል፤ ሸክላው ከላይ እስከ ታች ይሰራጫል። ሴንሰሩ ዳር ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ያያል። ስለዚህ ጠርሙሱ ከላይ ወደ ታች እየወረደ፣ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር በተለያዩ ቦታዎች መቅዳት አለበት። ያኔ የአንዷ ነጥብ ንባብ ከወንዙ ሙሉ አማካይ ጋር ይገናኛል።

ቀጥሎ ላቦራቶሪ። ደረቅ ማጣሪያ ወረቀት ይመዘናል። 0.1200 ግራም እንበል። 250 ሚሊሊትር የሚይዘው ናሙና በሙሉ ይጣራል። ወረቀቱ ከ103 እስከ 105 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ምድጃ ይደርቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይመዘናል። 0.4450 ግራም ሆነ እንበል። ልዩነቱ 0.3250 ግራም ነው። በ0.25 ሊትር ሲካፈል በሊትር 1.3 ግራም፣ ማለትም 1,300 ሚሊግራም። በዚያች ደቂቃ ሴንሰሩ 800 ኤንቲዩ ጽፎ ከነበረ አንድ ነጥብ አገኘን፤ 800 በ1,300።

“በሙሉ ይጣራል” ያልኩት በምክንያት ነው። ከጠርሙሱ ትንሽ ቀንሶ ማጣራት የተለመደ ነው፤ ግን አሸዋው ወዲያው ስለሚዘቅጥ የተቀነሰው ውሃ አሸዋ ይጎድለዋል። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለቱን ዘዴዎች አነጻጽሮ፣ አሸዋ ሲበዛ የቅነሳው ዘዴ ደለሉን አሳንሶ እንደሚያሳይ አረጋግጧል።

አንድ ነጥብ መስመር አይሠራም። ብዙ ነጥቦች ያስፈልጋሉ፤ ከጠራው ወቅት፣ ጎርፉ እየጨመረ ካለበት፣ እየቀነሰ ካለበት ሰዓት። በግራፍ ላይ ሲቀመጡ በመካከላቸው መስመር ይሰመራል። ከዚያ በኋላ ሴንሰሩ የጻፈው እያንዳንዱ ቁጥር በመስመሩ በኩል ወደ ሚሊግራም ይቀየራል። ጥቂት ጠርሙሶችን መስመሩ ሲሰመር ሳያካትቱ ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው። መስመሩ ሳያያቸው የገመታቸው ቁጥር ከሚዛኑ ጋር ከተቀራረበ እምነት ይጣልበታል።

ወንዝ ዳር መቆም ካልተቻለስ? ከቦታው አፈር አምጥቶ በባልዲ መሥራት ይቻላል። 10 ሊትር ውሃ ውስጥ 5 ግራም ደረቅ አፈር ሲጨመር በሊትር ግማሽ ግራም ይሆናል፤ እያማሰሉ መጨመርና ማንበብ ነው። ለጅምር ይረዳል። ግን ከዳርቻ የተዛቀ አፈር ጎርፉ ከተሸከመው ይልቅ ሸካራ ሊሆን ይችላል። እኔ የጠርሙሱን አስበልጣለሁ።

ለምን ክረምቱን በሙሉ?

ሰኔና ሐምሌ ላይ ደጋው ገና ባዶ ነው። ለጤፍ የሚዘጋጅ ማሳ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ያለ ሽፋን ዝናቡን ይቀበላል። ነሐሴና መስከረም ላይ ሰብሉና ሣሩ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የዓባይ ተፋሰስ ወንዞች ደለል የሚበዛባቸው የውሃው መጠን ከፍተኛው ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። ውሃው ሲሞላ ደለሉ መቀነስ ጀምሯል።

“ወንዙ ይህን ያህል ከሞላ አፈሩ ይህን ያህል ነው” የሚለው የቆየ አገማመት የሚስተው ለዚህ ነው። የሐምሌ 2 ሜትር ከፍታና የመስከረም 2 ሜትር ከፍታ አንድ አይደሉም። ሴንሰሩ ይህን ልዩነት ስለሚያይ ይጠቅመናል። ነገር ግን መስመሩ የተሠራው በመስከረም ጠርሙሶች ብቻ ከሆነ ያው ስህተት በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

ወንዙ በጣም ሲደፈርስ ሴንሰሩ ለምን ይሳሳታል?

ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው። ድፍርስነቱ ሲጨምር ንባቡ ይጨምራል፤ እስከ አንድ ገደብ። ከገደቡ በላይ ቅንጣቶቹ በጣም ስለሚጠጋጉ የተበተነው ብርሃን ወደ ዓይኑ ሳይደርስ ሌሎች ቅንጣቶች ይውጡታል። ያኔ አፈሩ እየጨመረ ንባቡ ይቀንሳል። አንድ ቁጥር ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፤ መካከለኛ ድፍርስ ወይም እጅግ ድፍርስ። ግራፉን ብቻ የሚያይ ሰው ጎርፉ በረታበት ሰዓት “ውሃው ጠራ” ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የዓመቱ አብዛኛው አፈር ደግሞ የሚያልፈው በእነዚያ ጥቂት የጎርፍ ሰዓታት ነው። መፍትሔው ገደቡን አስቀድሞ ፈትኖ ማወቅ፣ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ብርሃን የሚያየውን ዓይነት መምረጥ፣ በጎርፍ ሰዓት ጠርሙስ አለመርሳት ነው።

ሌላም የማያየው ነገር አለ። በወንዙ ታችኛው መሬት ላይ እየተንከባለለ የሚሄደውን ጠጠርና አሸዋ ሴንሰሩም ጠርሙሱም አያገኙትም። እሱ ለብቻው ይገመታል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

በሱዳን የሮዛሪስ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1966 ተሠርቶ፣ ከፍታው ከመጨመሩ በፊት ከመጀመሪያ አቅሙ ሲሶ ያህሉን ደለል ወስዶበታል። እኛም በደለል የተጎዳውን የቆቃ ግድብ እናውቃለን። አንድ የተሳሳተ መስመር የደለሉን መጠን ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊያዛባ ይችላል፤ የግድብ ዕድሜም አብሮ ይዛባል።

ከግድብ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በየዓመቱ በበጋ ገበሬው አካፋና ዶማ ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ድንጋይ ይክባል፤ አብዛኛውን በነፃ ጉልበቱ። ያ እርከን አፈሩን አስቀርቷል ወይ? የሚታወቀው ከታች ያለው ወንዝ ከዓመት ዓመት በትክክል ከተለካ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ድካም በተበላሸ ቁጥር “ውጤት የለውም” ማለት ግፍ ነው፤ “ተሳክቷል” ማለትም እንደዚያው።

ርካሽ ሴንሰርስ?

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉ። ገበያ ላይ ያለው ርካሹ የድፍርስነት ሴንሰር አመጣጡ ከልብስና ከዕቃ ማጠቢያ ማሽን ነው። የሚሰጠው ቮልቴጅ ብቻ ነው። በትክክል ካሊብሬት ከተደረገ ለትምህርትና ለሙከራ ይሆናል። ትልቁ ጠላቱ ፀሐይ ነው፤ የቀኑ ብርሃን ከራሱ መብራት ጋር ይደባለቅበታል። ጥሩዎቹ ሴንሰሮች መብራታቸውን በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ ልዩነቱን ብቻ ይቆጥራሉ። ይህን ዘዴ አንድ ተማሪ በራሱ ሰርኪዩት ሊሠራው ይችላል።

ካሊብሬሽኑ መቼ ይታደሳል?

ሴንሰሩ ውሃ ውስጥ ሲቆይ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይበቅላል። ንባቡ ቀስ እያለ ይወጣል። ከርቀት ሲታይ ወንዙ የደፈረሰ ይመስላል። መጥረጊያ የተገጠመላቸው አሉ፤ የሌላቸውን ሰው ሄዶ ይጠርጋቸዋል።

ጠራጊው ሦስት ቁጥር ይዞ መመለስ አለበት። አንዱ ከመጥረጉ በፊት፣ ሌላው ከጠረገ በኋላ፣ ሦስተኛው መጠኑ በታወቀ ፎርማዚን ውስጥ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቆሻሻው ነው። ሦስተኛው ከተዛነፈ ደግሞ መሣሪያው ራሱ አርጅቷል። ሁለቱ የሚታረሙት በተለያየ መንገድ ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ካልተጻፈ ግን የትኛው መቼ እንደጀመረ ማወቅ አይቻልም። የወንዙም መስመር በየክረምቱ በጥቂት አዲስ ጠርሙሶች ይፈተናል፤ ላይ ያለው ማሳ ሲለወጥ፣ አዲስ መንገድ ሲቆረጥ፣ ካባ ሲከፈት የሚወርደው አፈርም ይለወጣልና።